ስልሳ ዓመት በእግር

ለእኛ አገር ሰው ዕድሜ ለረጅም ዘመን ቁጥር አልነበረም፤ ወሬ ነበር። «መቼ ተወለድክ?» ሲባል «ጣልያን ሲገባ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ» ይላል። ሌላው «በኅዳር በሽታ ዓመት» ብሎ 1911 ዓ.ም.ን ያስታውሳል። ከእነሱ የሚቀድሙት ደግሞ «ክፉ ቀንን ያለፍኩ ነኝ» ይሉ ነበር፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሩን ያራቆተውን ረኃብ ማለታቸው ነው። ቀኑ ከተጠየቀም መልሱ «የሚካኤል ዕለት» ወይም «የማርያም ማግስት» ነው። ሙስሊሙም «ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጠያቂው እንደ ፍጥርጥሩ ያስላው።

ይህን የምለው ያለፈውን ለማፌዝ አይደለም። ነገሩ እኮ ቅርብ ነው። የልደት ምዝገባን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን በክርስትና ምስክር ወረቀት፣ በትምህርት ቤት መዝገብና በዘመድ ትዝታ የቆምን ነን።

ልደት ማክበርማ የአንድ ሰው ነገር ነበር። ሐምሌ 16 ቀን የግርማዊ ጃንሆይ ልደት ነው፤ ባንዲራ ይሰቀላል፣ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ ሰልፍ ይኖራል። ሰማንያኛው ዓመት ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. በድምቀት ሲከበር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣውን የጠረጠረ ጥቂት ነበር። ያን ጊዜ የተራው ሰው ልደት ኬክም ሻማም አያውቅም። እናት ቀኑን ካስታወሰች «ዛሬ እኮ የተወለድክበት ቀን ነው» ብላ ግንባሩን ትስማለች፤ አለቀ። ኬኩና ፊኛው ከተማ ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የገባው። መጀመሪያ ለሕፃናት ሆነ፤ ከዚያ ለወጣቱ ተዛመተ፤ አሁን ደግሞ በአዳራሽ ኪራይና በቪዲዮ ቀረጻ አድጎ ሽማግሌዎቹ ጋ ደርሷል።

ሽማግሌ ካልኩ አይቀር ስለ ስልሳ ላንሳ። በእኛ አገር ስልሳ ዓመት ቀልድ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜው ነው። ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ የነበረው ሰው በድንገት «ዛሬ ወዴት ነው?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ቀን ነው። በ1950ዎቹ የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ አርባ ዓመት ገደማ እንደነበር ስናስብ ደግሞ፣ ያን ጊዜ ተወልዶ ስልሳ የደፈነ ሰው ደግሶ ቢያመሰግን ማን ይፈርድበታል?

ታዲያ በ2018 ዓ.ም. ስልሳ የሞላው አንድ መምህር ወዳጄ አዳራሽም ኬክም አልፈልግም አለ። ልጆቹ ተሰብስበው «አባዬ፣ እንዴት እናክብርልህ?» ቢሉት፣ «በየአሥር ዓመቱ አንድ ጉዞ፣ ስድስት የተጠበቁ ደኖችና ፓርኮች በእግሬ አስጎብኙኝ» ሲል መለሰ። ጂኦግራፊ ሲያስተምር ነው የኖረው። ስለ ደን ለሠላሳ ምናምን ዓመት በጠመኔ ጽፎ፣ በጠመኔ አጥፍቶ፣ ከአምስት የማይበልጡትን ብቻ በዓይኑ እንዳየ ነገረን። ልጆቹ ሳቁ፤ ሚስቱ ግን «ጉልበትህስ?» አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። መልሱ ግን ዝግጁ ነበር፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ነገሩ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። አሁን አሁን ቅዳሜና እሁድ ማለዳ ወጣቶች ሚኒባስ ተከራይተው፣ ውኃና ዳቦ በጀርባ አዝለው ተራራ ይወጣሉ፤ «ሃይኪንግ» ይሉታል። ልደታቸውን ተራራ ጫፍ ላይ የሚያከብሩም አሉ። እንደ ወዳጄ ያለ ሽማግሌ ሲያጋጥማቸው «ጋሼ፣ እጅዎን ይስጡኝ» ብለው ዳገቱን ያሻግሩታል። እኔን ግን የሳበኝ ከጉዞው ይልቅ የቁጥሩ መግጠም ነው። ወዳጄ የተወለደው በ1958 ዓ.ም. ነው። የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች የተቋቋሙትም በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። እኩዮቹ ናቸው ማለት ነው! የእሱን ስልሳ ዓመት ስናከብር የኢትዮጵያን የዱር ጥበቃ ስልሳ ዓመትም አብረን እየቆጠርን ነው። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው።

መነሻው እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የዩኔስኮ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር በነበሩት በሰር ጁልያን ሃክስሌ የሚመራ የባለሙያዎች ቡድን በመንግሥት ጥያቄ ኢትዮጵያ መጣ። ቡድኑ አገሪቱ ያላትን የዱር እንስሳ አይቶ «ሳይረፍድ ከልሉ» የሚል ምክር ሰጠ። በ1957 ዓ.ም. አካባቢ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቆመ፤ በማግስቱ ፓርኮቹ ተመሠረቱ። አዋሽ በ1961፣ ሰሜን በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጁ። ሰሜን በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ሆነ። ይህን ያህል አኩሪ ታሪክ አለን።

ነገር ግን የጥበቃ ታሪካችን የሚጀምረው ከዚያ ነው ብለን ካመንን ትልቅ ነገር እናጣለን። ለዚህ ነው ወዳጄ ጉዞውን በፓርክ ሳይሆን ከቤቱ በላይ ባለው ተራራ የጀመረው።

የመጀመሪያው ጉዞ ጉለሌ ሆነ። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ጥምረት በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመ፣ ከሰባት መቶ ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ነው። ቦታው ቀደም ሲል በአብዛኛው በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ነበር፤ አሁን በዚያ መሐል ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው እንደ ገና እንዲበቅል እየተደረገ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ ታክሲ ይዞ የሚደረስበት ደን ነው።

ሁለተኛው እንጦጦ ነው። እንጦጦ ላይ የሚሄድ ሰው የአዲስ አበባን የሕይወት ታሪክ እየረገጠ ነው የሚሄደው። ምኒልክና ጣይቱ ከዚህ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ከተማዋን ያስጨነቃት የመጀመሪያው ችግር ማገዶ ነበር። ጦሩ፣ መኳንንቱ፣ ሠራተኛው ሁሉ ያበስላል፣ ይሠራል፣ ያጥራል፤ በዙሪያው የነበረው ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመት አለቀ። በድሮው ዘመን ቢሆን መፍትሔው ቀላል ነበር። ዛፍ ሲያልቅ ከተማው ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ተነስተው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ያ ሕንፃ በኋላ የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኗል።

አዲስ አበባን ባለችበት ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ መጥቶ ተተከለ፤ ለዚህም ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለው ፈረንሳዊ የምኒልክ አማካሪ ስሙ ይነሳል። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በአምስትና በስድስት ዓመት ለማገዶም ለማገርም ይደርሳል። ስለዚህ ከተማዋ ሥር ሰደደች። ባሕር ዛፍን «ውኃ ጠጪ፣ መሬት አድራቂ» እያልን የምንወቅሰው እውነት አለን፤ ሥሩ ሌላ ተክል አያስጠጋም። ግን ያለ እሱ ዛሬ መርካቶም ቦሌም ይኖሩ ነበር ወይ? እንጃ።

ወዳጄ ግን እንጦጦ ላይ ከዛፉ በላይ ያሳየኝ ሰው ነው። በዚያ ዳገት ከሠላሳ ኪሎ በላይ እንጨትና ቅጠል በጀርባዋ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ወደ ከተማ ስትወርድ የኖረችውን ሴት። እኛ ያደግንበት እንጀራ የተጋገረው በእሷ ጀርባ ነው። ያም ሆኖ ጥበቃ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ «ሌባ» የምትባለው እሷ ናት። በ1980ዎቹ አገር በቀል ዛፎችን እንጦጦ ላይ ለመመለስ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ሥራ ጀምሯል፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ዘመናዊው የእንጦጦ ፓርክ በመንገድ፣ በካፌና በብስክሌት ታጅቦ ተከፈተ። ቦታው አምሯል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጥያቄው «ያቺ ሴትዮ ዛሬ የት ናት?» የሚለው ነው። ደን የሚጠበቀው ከእሷ ነው ወይስ ከእሷ ጋር? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው አብሮን ይሄዳል።

ሦስተኛው ጉዞ መናገሻ ሱባ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የተኛ ደን ነው፤ ጫፉ ከባሕር ወለል ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ስልሳ ዓመት ብዙ መስሎት የመጣ ሰው እዚህ ሲደርስ ያፍራል። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ መሠረት ደኑን ያስተከሉት በአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። የጥዱ ዘርም የመጣው ከአንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ነው ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ዘመን አንድ ንጉሥ ዘር ከተራራ ወደ ተራራ አስመጥቶ ደን አስተከለ። ከዚያ በኋላ የመጡ ነገሥታትም ደኑ እንዳይነካ አስጠበቁ።

ሱባ ውስጥ የሚሄድ ሰው ድምፁን ሳያስበው ዝቅ ያደርጋል። ጥዱ ግንዱ ለብዙ ሰው እቅፍ አይበቃም። ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲሉ ኮሶው፣ ከዚያም በላይ አስታው በተራ ይመጣሉ። ጉሬዛው ነጭ ካባውን እያውለበለበ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ጥቁር የሚመስለው የምኒልክ ድኩላ ይታያችኋል፤ ከእኛ አገር ደጋ በቀር የትም የማይገኝ የድኩላ ዘር ነው። ወዳጄ አንዱ ጥድ ሥር ቁጭ ብሎ «ይኼ ዛፍ ግራኝንም፣ ምኒልክንም፣ ጣልያንንም፣ ደርግንም አይቶ ሊሆን ይችላል፤ እኔን ደግሞ ዛሬ አየኝ» አለ። ከስልሳ ዓመት ልደት የሚገኘው ትልቁ ስጦታ ይሄ ይመስለኛል፤ ራስን በትክክለኛው ልክ ማየት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወሬ ላስተካክል። ሁላችንም በትምህርት ቤት «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፤ አሁን 3 በመቶ ብቻ ቀረ» ተብለን ተምረናል። ወዳጄም እንደዚያው ሲያስተምር ኖሯል። ነገር ግን ጄምስ ማካን የተባለው የኢትዮጵያ ግብርና ታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጽሑፍ አኀዙ ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው እየተቀዳ የመጣ እንጂ በጥናት የቆመ እንዳልሆነ አሳይቷል። ሰሜኑ ደጋ ከጥንት ጀምሮ የታረሰና የተራቆተ ነበር፤ ደኑ አንዳንዴ ይሳሳል፣ አንዳንዴ ተመልሶ ያገግማል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የደን ትርጉም ሰፋ ሲደረግ የሽፋኑ አኀዝ ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ማለት ደናችን አልጠፋም ማለት አይደለም፤ ጠፍቷል። ግን «ሁሉም ነበረን፤ ሁሉም ጠፋ» የሚለው ተረት የሚያጠቁረው የገበሬውን ስም ብቻ ነው። አጥፊው እሱ፣ አዳኙ ባለሙያው ይሆናል። መናገሻ ግን የሚነግረን የተለየ ነው። ደኑ የቆየው የዛፍ ዕድል ገጥሞት ሳይሆን፣ በየዘመኑ «አይቆረጥም» ያለ ሰው ስላልታጣ ነው።

አራተኛውና አምስተኛው ጉዞ ወፍ ዋሻና የመንዝ ጓሳ ነበሩ። አልሆኑም። በሰሜን ሸዋ በኩል መንገዱ ሰላም ስላልነበረ ልጆቹ «አባዬ፣ ሌላ ጊዜ» አሉት፤ እሱም «እንግዲህ ሰባኛ ዓመቴ ላይ ይሁን» ብሎ ቀጠሮ ያዘ። ልደቱን እንኳ በሰላም የሚያከብርበት ተራራ እንዳይኖረው የሚያደርግ ዘመን ላይ መሆናችንን ማለፍ አልፈልግም። ስለ ጓሳ ግን እግር ባይደርስም ብዕር ይደርሳል፤ ለነገራችን ዋናው ቦታ እሱ ነውና።

ጓሳ ሣር ነው። ከመንዝ ከፍታ ላይ፣ ወደ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ውርጫማ ሜዳ ይበቅላል። ለመንዜ ጓሳ ቤቱ ነው፤ ጣራው የሚከደነው በእሱ ነው፤ ገመዱ የሚገመደው፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሣ የሚሠራው ከእሱ ነው። ታዲያ የአካባቢው ሰው ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን በራሱ ሕግ ይጠብቀው ነበር። አስቦና ጌራ የተባሉትን አባቶች የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ባለርስቶች ሹም ይመርጣሉ። በሹሙ ትእዛዝ ጓሳው ይዘጋል፤ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ቀን ተቆርጦ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይገባል። ማጨድ ሲያልቅ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲከብድ፣ በሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ገደማ፣ ሰውም ከብትም ይወጣና እንደ ገና ይዘጋል። የጣሰ ይቀጣል፤ ቅጣቱም የዋዛ አልነበረም።

ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የተረፉት በዚህ ሥርዓት ጥላ ሥር ነው። ማንም «ቀበሮ እንጠብቅ» አላለም። ሰው ጣራውን ሲጠብቅ ቀበሮው አብሮ ተጠበቀ። ነገሩን ግን አናስውበው። የዘር ሐረግ የማይቆጥረው ሰው ጓሳ አይደርሰውም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲሆን ርስት ቀረ፤ ከርስት ጋር ሹሙም ሕጉም ፈረሰ። ለዘመናት ደጅ የቆመው ሰው መግባቱ ፍትሕ ነበር። ሣሩ ግን ባለቤት አጣ። ወዳጄ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ከዓመታት በኋላ የመንዝ ሰው ራሱ በአዲስ መልክ፣ በየቀበሌው ኮሚቴ ተደራጅቶ ጓሳን መልሶ ያዘው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያም ክልሉ በሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ አጸናለት።

የቤተ ክርስቲያን ደኖችም የዚሁ ወንድም ናቸው። በደቡብ ጎንደር ከአውሮፕላን ሲያዩ በታረሰ ሜዳ መካከል እንደ አረንጓዴ ቁልፍ የተሰፉት ክብ ደኖች የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ናቸው። ብዙዎቻችን በ«እመጓ» ልቦለዱ የምናውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሳይንስ ሰው ነው፤ እነዚህን ደኖች አጥንቶ፣ ከብት እንዳይገባ ምእመኑ ራሱ በድንጋይ ካብ እንዲያጥራቸው አግዟል። እዚያም ያለው ምሥጢር አንድ ነው። ደኑ የደብሩ ልብስ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ልብሱን የሚገፍ የለም።

አሁን ወደ እኩዮቹ እንመለስ። ስድስተኛው ጉዞ አዋሽ ነበር። ከአዲስ አበባ በቀን የሚደረስበት፣ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን በረሃ፣ ከፋንታሌ ተራራ ሥር የተዘረጋ። እዚህ ላይ ያለ ስካውት በእግር መሄድ አይፈቀድም፤ ስካውቱ ጠመንጃውን አንግቶ ከፊት ይቀድማል። ወዳጄ በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ቀንዳቸው እንደ ጦር የቆመ ሳላዎች በሩቁ አይቶ «እኩዮቼ!» ብሎ ጮኸ። ስካውቱ «ጋሼ፣ ቀስ» አለው። ፋንታሌ ራሱ በቅርቡ አስፈርቶናል፤ በ2017 ዓ.ም. በአካባቢው ተደጋግሞ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል።

ነገር ግን የአዋሽን ልደት የሚያከብር ሰው አብሮ ማስታወስ ያለበት ነገር አለ። ፓርኩ ሲከለል መሬቱ ባዶ አልነበረም። የከረዩና የአፋር ከብት አርቢ በበጋ ከብቱን ወደ ወንዙ የሚያወርድበት ግጦሽ ነበር። በዚያው ዘመን የመተሐራ የሸንኮራ እርሻ ደግሞ ከወንዙ ዳር ያለውን ለም መሬት ያዘ። አርቢው በአንድ በኩል ሸንኮራ፣ በሌላ በኩል ፓርክ ገጠመው። ያልተጠየቀበት፣ ያልተካፈለበት ነገር ነው። ለእሱ ሳላው የመንግሥት ከብት ሆነ።

ውጤቱ በ1983 ዓ.ም. ታየ። ደርግ ሲወድቅና የመንግሥት ጠባቂ ሲበተን በብዙ ፓርኮቻችን የጥበቃ ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ እንስሳት ተገደሉ። የመንግሥት የተባለ ነገር ሁሉ ከመንግሥት ጋር ወደቀ። ወዳጄ ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ አዲስ መምህር፣ አዲስ ባል። ሰሜንም ከዚያ ወዲያ ሕመሙ አልለቀቀውም። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከመውጣቱ በፊት ግጭ በሚባለው መንደር የነበሩ ገበሬዎች መሬታቸውን ለቀው ደባርቅ መስፈር ነበረባቸው። ፓርኩ ሲመሠረት ከሁለት መቶ አይበልጥም ተብሎ ይገመት የነበረው ዋልያ በ2000ዎቹ ከስምንት መቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ከገባ ወዲህ እንደ ገና ወደ ጥቂት መቶዎች ወርዷል። ሰው ሲጋደል ዋልያም ይሞታል።

እንግዲህ ስልሳ ዓመቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጠው አንድ ነገር ይወጣል። ጓሳም የቤተ ክርስቲያን ደንም ሹም ሽረት፣ ዘመን ለውጥ፣ ጦርነት አልፈዋል፤ ወድቀውም ተነስተዋል። ፓርኮቹ ግን መንግሥት ባስነጠሰ ቁጥር ይታመማሉ። ልዩነቱ የሕግ ጥብቀት አይደለም፤ የጓሳ ሕግ ከማንኛውም ነጋሪት ጋዜጣ የጠበቀ ነበር። ልዩነቱ ሕጉን የሚጠብቀው ሰው ከደኑ ጣራ፣ ገመድ፣ ጥላና ክብር የሚያገኝ መሆኑ ነው። «ከሰው ጠብቁት» የተባለ ደን ጠባቂው በሌለበት ቀን ያልቃል፤ ከሰው ጋር የተጠበቀ ግን ጠባቂው ራሱ መንደሩ ስለሆነ ጠባቂ አይጎድለውም።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳብኝ አውቃለሁ። «የመንደሩ ሰው ቁጥሩ በዛ፤ የድሮው ሥርዓት ለድሮው ሕዝብ ነው» የሚል። ትክክል ነው፤ ወዳጄ ሲወለድ ከነበረን ሕዝብ ዛሬ ብዙ እጥፍ ሆነናል። ሁሉን ለሁሉ ክፍት ማድረግ ጥበቃ አይሆንም። ጓሳም እኮ ክፍት አልነበረም፤ ዓመታት ይዘጋ ነበር። ግን የሚዘጋው ቁልፉን የያዘው ሰው ራሱ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ያልተደረገው እሱ ነው።

እኛ በዓል ሲመጣ መትከል እንወዳለን። አገሪቱ ሁለት ሺኛ ዓመቷን ስታከብር «ሁለት ዛፍ ለሁለት ሺህ» ተብሎ ተተከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። መትከሉ መልካም ነው፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን ልደት የሚከበረው የተወለደ ሁሉ ስለተወለደ አይደለም፤ ያደገው ስላደገ ነው። ስልሳ ዓመት የሚያስደስተው ስልሳዎቹ ዓመታት ስላለፉ ሳይሆን ሰውዬው ስላለ ነው። ችግኝም እንደዚሁ፤ ጉድጓዱን ቆጥረን ጭብጨባ አለ፤ በአምስተኛው ዓመት ሄዶ «ደህና ነህ ወይ?» የሚለው ግን የለም።

ስለዚህ ልደታችሁ ለደረሰ፣ በተለይ አርባም ሃምሳም ስልሳም ለምትደፍኑ፣ ምክሬ ይኼ ነው። ኬኩን ብሉ፤ ማን ከልክሏችሁ። ግን አንድ ቀን ከቤታችሁ በማይርቅ የተጠበቀ ደን ውስጥ በእግራችሁ ሂዱ። ስትገቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ «ይህን ማን አቆየው?» እና «ለመቆየቱ ማን ከፈለ?»። በር ላይ ያለውን ጥበቃ፣ መንገድ ዳር ያለውን እረኛ፣ እንጨት ያዘለችውን እናት ጠይቁ፤ ከማናቸውም መጽሐፍ የበለጠ ያውቃሉ። የልጅ ልጅ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ዛፍ አሳዩትና ስሙን በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ አስተምሩት። ያ ልጅ ስልሳ ሲሞላው ዛፉ እዚያው መኖር አለመኖሩን የሚያውቅ ምስክር ይሆናል። ለአንድ ደን ከዚህ የተሻለ ጠባቂ እኔ እስካሁን አላየሁም።